በሮድና በሩድ መካከል ስላለው ልዩነት

በእንግሊዝ አገር የመሬት ልክ ቀድሞ ይጠራባቸው ከነበሩት ቃሎች ሮድና ሩድ የሚባሉት ሁለቱ በድምፅ እጅግ ይቀራረባሉ። ሁለቱም ከጥንት ጀምሮ የእንጨት ዘንግ ስም ነበሩ፤ ሩድ የሚለውም ቃል የመስቀል ስም ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ይነገር ነበር። በመሬት ልክ ግን አንዱ የርዝመት፥ ሁለተኛው የስፋት ስለ ሆነ፥ አንዱን በሌላው ስፍራ የሚያነብ ጸሐፊ በባለመሬቱም በግብሩም ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ሮድ 16 ጫማ ተኩል፥ ይኸውም 5 ሜትር ከ3 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ቀድሞ አጥር፥ ቦይ፥ መንገድና ወሰን ይለካበት ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1620 ዓ.ም. ኤድመንድ ጉንተር የተባለው የሒሳብ ሊቅ ያወጣው የመለኪያ ሰንሰለት ርዝመቱ 4 ሮድ ነው። ፖልና ፐርች የሚባሉትም ቃሎች የዚሁ የሮድ ሌላ ስሞች ናቸው።

ሩድ ግን የኤከር ሩብ ነው። ርዝመቱ 40 ሮድ፥ ወርዱ 1 ሮድ የሆነ መሬት አንድ ሩድ ይባላል፤ ይኸውም 1,012 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በኢትዮጵያም በቀድሞው ዘመን ቀላድ የሚለካበት ገመድ፥ ጋሻ ደግሞ የተለካው መሬት ስፋት ስም ነበረ፤ የሮድና የሩድም ልዩነት ይህን ይመስላል።

ስሕተት የሚበዛው በአሮጌ መዝገብ ላይ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. በወጣው የዐሥራት ሕግ መሠረት በእንግሊዝ አገር በተሠሩት መዝገቦች የመሬቱ ስፋት በሦስት ዓምድ ተጽፎ ይገኛል፤ መጀመሪያው ኤከር፥ ሁለተኛው ሩድ፥ ሦስተኛው ፐርች ነው። በሁለተኛው ዓምድ ራስ «አር» የሚባለው ፊደል ብቻውን ስለሚጻፍ፥ ያልለመደ ሰው ሮድ ነው ብሎ ያነበዋል። በሦስተኛው ዓምድ ያለው ፐርችም በዚህ ስፍራ ካሬ ሮድ ማለት ነው።

ለምሳሌ 2 ኤከር፥ 3 ሩድ፥ 12 ፐርች የተባለ መሬት 452 ካሬ ሮድ፥ ማለት 11,432 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ሩዱ እንደ ካሬ ሮድ ቢቈጠር ግን 335 ካሬ ሮድ ብቻ ይሆንና 2,959 ካሬ ሜትር ያህል መሬት ከሒሳቡ ይጐድላል። በዚህ ምክንያት ወሰንተኞች ሊጣሉ፥ ግብርም ሊዛባ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚቀርብለት ሹም፥ ቍጥሩ የተነገረው ስለ ወሰን ርዝመት ወይስ ስለ መሬቱ ስፋት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመርምር። ከዚያም ሁሉን ወደ ሜትርና ወደ ሔክታር አስለውጦ፥ ከካርታው ጋራ ካስተያየ በኋላ ይፈርም።