ውስጠ ክፍት እጀታ

ስለ ቢላዋ አውቃለሁ የሚል ሰው ፊት እጀታው ውስጠ ክፍት የሆነ ቢላዋ ካነሳችሁ መልሱ አንድ ነው፦ «እሱማ ይሰበራል፤ የፊልም ጌጥ ነው»። ይህ ፍርድ ያናድደኛል። በደንብ ከተሠራ እንደዚህ ቢላዋ በአንድ እጅ ብዙ ጉዳይ የሚጨርስ መሣሪያ አላውቅምና።

የዕቃው ነገር ቀላል ነው። እጀታው ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ጠብቆ የሚታሰር ክዳን አለው፤ ክዳኑ ሥር ውሃ የማያስገባ ጎማ ይቀመጣል፤ ውስጡ ክብሪት፣ መርፌና ክር ይይዛል። ወጨጫ ተራራ ላይ ጉም ወርዶበት መንገድ የጠፋው ሰው ቦርሳውን ቢጥል እንኳ ወገቡ ላይ ይህ ይቀርለታል።

ስሙ የጠፋው በዝናው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የመጀመሪያው የራምቦ ፊልም በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ሲታይ ከጀግናው እኩል ያወራንለት ቢላዋው ነበር። የሠራው የአርካንሳው ባለሙያ ጂሚ ላይል ነው። ሐሳቡ ግን ከፊልሙ ይቀድማል፤ ፍሎሪዳ የሚገኘው ራንዳል የተባለ የቢላዋ ሥራ ቤት በ1960ዎቹ ቬትናም የዘመተ አንድ የጦር ሐኪም በሰጠው ሐሳብ ተነስቶ ሞዴል 18 የሚባለውን ሠርቷል። እነዚህ በእጅ የተሠሩ፣ የተፈተኑ ነበሩ። ከፊልሙ በኋላ ግን ገበያው በርካሽ ቅጂ ተጥለቀለቀ፦ ክዳኑ ላይ ኮምፓስ፣ ስለቱ ጀርባ ላይ የመጋዝ ጥርስ። (ጥርሱ እንጨት ለመጋዝ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሳባችሁት በኋላ በፍቅፋቂ ይደፈናል። የአሜሪካ አየር ኃይል ቢላዋ ላይ የወጣው የወደቀ አውሮፕላን ቆርቆሮ ቀዶ ለመውጣት ነው። ሱባ ደን ለሚሄድ ሰው ምን ያደርግለታል?) «ይሰበራል» የሚለው ወሬ የመጣው ከእነዚህ ቅጂዎች ነው፤ መሰበራቸውም እውነት ነው። ግን የት ጋ ነው የሚሰበሩት? ሰዎች ይህን አይጠይቁም።

ቱቦው አይደለም የሚሰበረው። ብረት ሲታጠፍ ጫናውን የሚሸከመው ዳር ዳሩ ነው፤ መሀሉ እምብዛም አይሠራም። እስቲ እናስላው። የውጭ ስፋቱ 26 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡ 21 የሆነ ቱቦ ወስደን፣ ሰው ሁሉ «ጠንካራው እሱ ነው» ከሚለው፣ ማለትም እስከ እጀታው መጨረሻ ከሚዘልቅ 25 በ5 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ጋር እናነጻጽረው። ብረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቱቦው በስለቱ አቅጣጫ ሲታጠፍ ሁለት እጥፍ ያህል፣ ወደ ጎን ሲታጠፍ ደግሞ ከ9 እጥፍ በላይ ይችላል። ክብደቱ የሚበልጠው ግን በግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍት መሆኑ ድክመት አይደለም።

ድክመቱ ስለትና እጀታ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ርካሹ ቅጂ ስለቱ ከኋላው የአውራ ጣት ግማሽ የምታህል ጉጥ ብቻ አለችው፤ እሷ ቱቦው አፍ ውስጥ ትገባና በሙጫ ወይም በአንዲት ብሎን ትያዛለች። እንጨት ለመሰንጠቅ ስለቱን ጀርባውን በመቱት ቁጥር የጫናው ሁሉ ማረፊያ ያቺ ጉጥ ናት። በብየዳ የተያዘውም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ ስለቱ ከጠነከረ በኋላ ከተበየደ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያበላሸዋል። ከዚህም በላይ ጉጧ ሥር ያለው ጥግ በሹሉ ከተቆረጠ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥግ ሁሉ ክብ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ እየሰፋ መገናኘት አለበት።

መፍትሔውስ? ስለትና እጀታን ከአንድ ብረት ማውጣት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ክሪስ ሪቭ በ1980ዎቹ ይህን አደረገ፤ ኤ2 ከሚባለው የመሣሪያ ብረት አንድ ድፍን ዘንግ ጠርቦ፣ እጀታውን ውስጡን በስቶ። ምንም መገናኛ የለም፤ ስለዚህ የሚላቀቅም የለም። ኮልድ ስቲል የተባለው ድርጅት ደግሞ ቡሽማን ብሎ በሰየመው ቢላዋ ላይ ሌላ መንገድ መረጠ፦ የካርቦን ብረቱን ጀርባ ጠቅልሎ ቱቦ አደረገው። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በትር ሲሰኩበት ጦር ይሆናል።

ይህን ሁለተኛውን ሳይ የመጣብኝ የአገራችን ጦር ነው። የጦር ብረት ጀርባው ተጠቅልሎ ዘንግ የሚገባበት ቀፎ ይሆናል፤ ይህን ባለእጆቻችን በከሰል፣ በወናፍና በመዶሻ ብቻ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩት ኖረዋል። ሰበታ መውጫ ላይ ማጭድና ዶማ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ባለእጅ ሐሳቤን በረጅሙ አስረዳኋቸው። ጨርሼ ዝም ስል፦ «ታዲያ አጭር ጦር በለኛ፣ ልጄ!» አሉኝ።

ሥራቸውን ቁጭ ብዬ አየሁ። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር፤ ግማሹን ለስለት ትተው ሌላውን ግማሽ አግለው እየቀጠቀጡ እንደ ማራገቢያ አሰፉት፣ አሳሱት። እንደገና ሲግል በክብ ብረት ዙሪያ ጠቀለሉት፤ ጠርዝና ጠርዝ ገጥሞ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቀረ። ያቺን ስንጥቅ፣ ስለቱ ገና ሳይጠነክር፣ ጎረቤት ብየዳ ቤት አስደፈንናት። ከዚያ ስለቱን ብቻ አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት፤ እጀታውን ለስላሳ ተዉት። «ቢብስበት ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ የጎበጠውን ደግሞ አቀናዋለሁ» አሉ። የለስላሳ እጀታን ትርጉም በዚህች ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። ክዳኑ ከደረቅ ወይራ የተቀረጸ ውታፍ ሆነ፤ ዙሪያው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት አለው። የቶርኖ ሥራ የማይጠይቅ፣ አሸዋ ገብቶ ጥርሱን የማይበላው ክዳን ነው።

አነስተኛ ቢላዋ ለሚፈልግ፣ ስለቱ ከ12 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ እጀታው 11 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጎራዴ የሚያህል ይዞ ደን መግባት ስህተት ነው። ሱባ ደን ውስጥ የቆመ ጽድና ዝግባ አይነካም፤ የምትሠሩት የወደቀ ጭራሮ ላይ ነው። ክብ እጀታ በዝናብ እጅ ውስጥ ስለሚዞር እርጥብ ጠፍር ጠምጥሙበት፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ ቀዝቃዛ ብረትም እንዳይነካችሁ ያደርጋል።

ውስጡ ስንት ይይዛል? 21 ሚሊ ሜትር ስፋት በ8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ከ27 ሚሊ ሊትር እምብዛም አይበልጥም፤ የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የዓሣ መንጠቆ ትታችሁ ክብሪትና የክብሪቱን መጫሪያ ቁራጭ፣ በሰም የተነከረ ጥጥ፣ መርፌ ከጠንካራ ክር ጋር ያዙ። የውሃ ማከሚያ እንክብል ክሎሪን ስላለው ከነማሸጊያው ካልሆነ ብረቱን ይበላዋል። ሁሉም እንዳይንኳኳ በጨርቅ ይጠቅለል። የእጀታውን ጫፍ መዶሻ ለማድረግ የምትፈልጉ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ በክዳን ሚስማር አይመታም።

አሁን ወደ አፎቱ። ሰው ቢላዋ ላይ ገንዘቡን ያፈስስና ለአፎቱ ያገኘውን ጨርቅ ያሰፋል፤ እኔ ግን መጥፎ አፎት ካለው ቢላዋ አፎት የሌለው ይሻላል እላለሁ። ሲሮጡ የሚያሾልክ አፎት ጭን ይቆርጣል። ቆዳ ያምራል፣ ድምፅ የለውም፣ የተቀደደውን ማንም ጫማ ሰፊ ይጠግነዋል። መስፊያው መስመር ግን ስለቱ ፊት ከሆነ ክሩ ይቆረጣል፤ በሁለቱ ቆዳዎች መሀል ከጫፍ እስከ አፍ ሦስተኛ ቆዳ ገብቶ አብሮ መሰፋት አለበት። ጫፉ ላይ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። እጀታውን የሚይዝ ማሰሪያም አይቅር፤ ክብ እጀታ ራሱን አይቆልፍም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሱሉልታና ቡራዩ ዙሪያ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ቆዳ ፈታኝ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ባሌስትራ ደግሞ ዝገት ይወዳል። ለዚህ ወቅት የምመርጠው ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ የሚሠራውን ነው። ቁራጩን በሙቀት አለስልሱ፤ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሀሉ አስገቡ፣ በሁለት ጣውላ ጨቁኑና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በገላጣ ቦታ ይሁን፤ ከተቃጠለ ጭሱ መርዝ ነው። ከንግድ ቤት ከሚገዛው ናይሎን የተሻለ ይይዛል።

የትኛውም ይሁን፣ ዝናብ የመታውን ቢላዋ አፎቱ ውስጥ አታሳድሩ። ለየብቻ አድርቁ፤ ቆዳውን እሳት ዳር ሳይሆን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ፣ ስለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ በስፌት መኪና ዘይት ቀቡት። ክዳኑንም ክፈቱት፤ ጎማው ሥር የቀረ ጠብታ ክብሪቱን ያርሰዋል።