እርግብን መውደድና ሳንባን መጠበቅ



ከሥራ በኋላ ትርፍ ጊዜውን በመልካም ነገር ለማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው፥ እርግብ ከማርባት የበለጠ ጸጥታ ያለውና ወጪው ያነሰ ደስታ ማግኘት ያስቸግራል። ወንዱና ሴቲቱ ከተጣመሩ በኋላ አብረው ይኖራሉ፤ ሴቲቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዕንቁላል ትጥላለች፤ ሁለቱም እየተፈራረቁ 18 ቀን ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ጊዜ እናትም አባትም በማንቁርታቸው ውስጥ የሚያዘጋጁትን ወተት መሰል ምግብ ያጎርሷቸዋል። ይህን በዓይኑ የሚያይ ልጅ ስለ ወላጅ ኃላፊነት ትልቅ ትምህርት ያገኛል። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እንኳ በቤቱ እርግቦችን ያረባና የእርግብ አርቢዎች ማኅበር አባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው በታወቀው መጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍም ስለ እርግብ ዝርያዎች በሰፊው ጽፏል።

እኔም ለትምህርት በቤልጅግ አገር በነበርኩበት ጊዜ፥ ሽማግሌዎች በእሑድ ቀን በግቢያቸው ተቀምጠው ከሩቅ አገር የተለቀቀችው እርግባቸው እስክትመለስ ድረስ ሰዓት ይዘው ሰማዩን ሲመለከቱ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው እርግብ አርቢውን ለመንቀፍ አይደለም። ባለፈው ዓመት ከገጠመኝ ከአንድ መምህር ታሪክ ሌሎች እንዲማሩ ብዬ ነው።

እኚህ መምህር ዕድሜያቸው ከ40 ብዙ ያላለፈ፥ ትምባሆም የማያጨሱ ሰው ናቸው። ለብዙ ወራት ደረቅ ሳል ያስላቸው፥ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው፥ ሰውነታቸውም ይከሳ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸዋል» እያሉ ልጆቻቸውን ከቤታቸው ማራቅ ጀመሩ። አክታቸው ተደጋግሞ ሲመረመር ግን የነቀርሳ ተሐዋሲ አልተገኘበትም።

ወደ እኔ በመጡ ጊዜ፥ ሕመሙ የሚጸናበት የተለየ ቀን እንዳለ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ቅዳሜ ማታ» አሉኝ። «ቅዳሜ ጧት ምን ይሠራሉ?» ብላቸው «የእርግቦቼን ቤት እጠርጋለሁ» ሲሉ መለሱልኝ። ጠርገው ጥቂት ሰዓታት ካለፉ በኋላ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፥ ያተኩሳቸዋል፥ ሳሉም ይብሳል፤ ሰኞ ሻል ይላቸዋል። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ እናታቸው አገር ሄደው ሦስት ሳምንት በተቀመጡ ጊዜም ሳሉ ቀንሶላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የአየር ለውጡ የጠቀማቸው መስሏቸው ነበር።

ቤታቸውን ሄጄ አየሁ። ሃያ የሚሆኑ እርግቦች ከመኝታ ክፍላቸው ኮርኒስ በላይ ይኖራሉ፤ በሳንቃዎቹ ክፍተትም ደቃቅ ነጭ አቧራ በአልጋቸው ላይ ይወርዳል። ወደ ሆስፒታል ልኬአቸው ሳንባቸው በራጅ ከታየ በኋላ ሐኪሙ ጥርጣሬዬን አረጋገጠልኝ።

ይህ ደዌ እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ሐኪሞች «የእርግብ አርቢዎች ሳንባ» በሚል ስም ተገልጾ ታትሟል። መንሥኤው ተሐዋሲ አይደለም፤ ስለዚህም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከወፎች ላባና ከደረቀ ኩሳቸው የሚነሣውን ደቃቅ አቧራ ሰውነት እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋው፥ በውጊያው ሳንባው ራሱ ይጎዳል። ሁሉንም አርቢ አይዝም፤ የያዘው ሰው ግን ከአቧራው ካልራቀ ሳንባው ውሎ አድሮ ጠባሳ ያወጣል። ያ ጠባሳ በመድኃኒት አይመለስም።

መምህሩን ከእርግቦቻቸው እንዲለዩ በነገርኋቸው ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች የሰጧቸው ሟች አባታቸው ነበሩ። በመጨረሻም «እኔ ልራቅ እንጂ እነርሱ አይታረዱ» አሉኝ። እርግቦቹን ከከተማው ዳር ለሚኖሩ፥ ሰፊ ግቢ ላላቸው ዘመዳቸው ሰጡ፤ ክፍሉም ታጥቦ ጸዳ። ዛሬ ሳሉ ትቷቸው ያስተምራሉ። የቀድሞ ትንፋሻቸው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላቸውም። የሕመሙ ምክንያት ቀደም ብሎ ታውቆ ቢሆን ኖሮ፥ ጉዳቱ ባነሰ ነበር።

ከወፎች የሚመጣው ደዌ ይህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች የተላኩ በቀቀኖች ከባድ የሳንባ ምች አስተላልፈው ብዙ ሰዎችን ገድለዋል። የዚህ ምች ተሐዋሲ እርግቦችንም ይይዛል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል።

ስለ ዶሮም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን ገጠር ልጆች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት፥ ዶሮ ባላቸው ቤቶች የሚያድጉ ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን፥ ነገር ግን ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድሩበት ስፍራ የልጆቹ ዕድገት ዝቅ ብሎ መታየቱን ገልጿል። ዕንቁላሉ ልጁን ሲጠቅመው፥ በእጁ ነክቶ ወደ አፉ የሚወስደው ኩስ ሊጎዳው እንደሚችል ማስተዋል ይገባል።

ስለዚህ ወፍ ለሚያረባ ሰው ሁሉ የሚከተለውን እንመክራለን፤

1ኛ/ የወፎቹ ቤት ከመኝታና ከማድ ቤት ተለይቶ፥ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይሠራ። ከኮርኒስ በላይ ወይም በመኝታ ቤት ቆጥ ላይ አይኑሩ።

2ኛ/ ኩስ በደረቁ አይጠረግ፤ አስቀድሞ ውኃ ይረጭበት፤ ተጠርጎም ይቀበር። አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ደቃቁን አቧራ አያግድምና፥ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የአቧራ መከላከያ ጭንብል ይደረግ።

3ኛ/ ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ልብስም ይለወጥ። ሕፃናት ኩስ ባለበት መሬት ላይ አይዳሁ።

4ኛ/ አዲስ የተገዛ ወፍ ከቀድሞዎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት አንድ ወር ያህል ለብቻው ይቆይ።

5ኛ/ ሳልና ትኩሳት የያዘው አርቢ ሐኪም ዘንድ በቀረበ ጊዜ ሳይጠየቅ «ወፍ አረባለሁ» ብሎ ይናገር።

መምህራን ሆይ፤ የመጨረሻውን ምክር በተለይ ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልን። በእኚህ መምህር ላይ የደረሰው ጉዳት በከፊል የመጣው፥ ስለ እርግቦቻቸው ማንም ሳይጠይቃቸው እርሳቸውም ሳይናገሩ ብዙ ወራት በማለፋቸው ነው። እርግብን መውደድ መልካም ነው፤ ለእርሷም ለእኛም የሚበጀው ግን የየራሳችን ቤት ሲኖረን ነው።