ድህነት ያቆያት ከተማ፦ የፋልማውዝ ቤቶችና የሠሩአቸው እጆች

በማሠልጠኛ ተቋማችን ለዕጩ መምህራን የካሪቢያን ባሕር አገሮችን ታሪክ በማስተምርበት ሰሞን፣ ፋልማውዝ የተባለችውን የጃማይካ ከተማ የሚያሳዩ ጥቂት ፎቶግራፎች በሰሌዳው ላይ ለጥፌ ነበር። ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨት የሆነ ቤቶች በቀጥተኛ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይታያሉ። አንዱ ዕጩ መምህር እጁን አወጣና «ከተማዋ ያን ያህል ሀብታም ከነበረች እነዚህን አሮጌ ቤቶች አፍርሳ አዲስ ያልሠራችው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። አንዲት ጓደኛው ደግሞ ቀጠል አድርጋ «ቤቶቹ ሁሉ በባለቤቶቻቸው ስም ይጠራሉ፤ ግንበኞቹና አናጢዎቹስ እነማን ናቸው?» አለች። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ስለ ወሰደ እዚህ ልጽፈው ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋልማውዝ በጃማይካ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ትሬሎኒ በተባለው አውራጃ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1769 ሲሆን ስሟን ያገኘችው የጊዜው እንግሊዛዊ አገረ ገዥ ሰር ዊሊያም ትሬሎኒ ከተወለደባት፣ በእንግሊዝ አገር ከምትገኘው ፋልማውዝ ነው። አውራጃውም የተሰየመው በእርሱ ነው። መንገዶቿ አስቀድሞ በፕላን ተነድፈው እርስ በርሳቸው በቀጥታ እንዲቋረጡ ተደርገዋል። በአካባቢው ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ነበሩ። ስኳሩና ሩም የተባለው አረቄ በዚህ ወደብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄዳል፤ ከአፍሪቃ የተጋዙ ሰዎችም በዚሁ ወደብ ይራገፋሉ። ገበያው በደራበት ዘመን በአንድ ቀን እስከ ሠላሳ መርከብ መልሕቁን ጥሎ ይታይ እንደ ነበረ ይነገራል። በ1799 ደግሞ ከማርታ ብሬ ወንዝ በመዘውር የሚሳብ ውኃ በቧንቧ ወደ ከተማዋ እንዲገባ የሚያደርግ ኩባንያ ተቋቋመ። የፋልማውዝ ሰዎች «ከኒውዮርክ በፊት የቧንቧ ውኃ ጠጥተናል» እያሉ የሚኮሩት በዚህ ነው። ማጠራቀሚያው የነበረበት ቦታ እስከ ዛሬ «የውኃ አደባባይ» ይባላል።

እስቲ አንዱን የነጋዴ ቤት ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው እንመልከት። ምድር ቤቱ በአካባቢው ከሚገኘው የኖራ ድንጋይ ወይም ከጡብ ይሠራል። ጡቡን መርከቦች ከእንግሊዝ ሲመጡ ሚዛን እንዲጠብቅላቸው በሆዳቸው ይጭኑት ነበር። ማያያዣው ኖራ ነው። እዚህ ሱቅና መጋዘን ይሆናል፤ ቤተሰቡ የሚኖረው ከላይ፣ በእንጨት በተሠራው ፎቅ ነው። በብዙ ቤቶች ፎቁ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ በምሰሶ ስለሚደገፍ እግረኛው ከፀሐይም ከዝናብም ተጠልሎ በሥሩ ያልፋል። መስኮቶቹ ሰያፍ ሆነው የተደረደሩ ስስ ጣውላዎች አሉአቸው፤ ነፋሱ ይገባል፣ ፀሐዩ ይቀራል። በአንዳንዱ ቤት መስኮቱን ከውጭ የሚሸፍን ሳጥን መሰል የጣውላ ከለላ ይገጠማል፤ የአገሩ ሰዎች «ኩለር»፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ይሉታል። ይህ ማቀዝቀዣ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

ትልቁ ጥበብ ግን ያለው ከላይ ነው። ጃማይካ የአውሎ ነፋስ አገር ናት። ስለዚህም ጣሪያው በሁለት ወገን ብቻ ሳይሆን በአራቱም ወገን እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል፤ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ሸርተት ብሎ ያልፋል እንጂ ቀጥ ያለ የጣሪያ ጎን አግኝቶ አይገፋም። ክፈፉም ከግድግዳው ብዙ አይወጣም። ረዘም ቢል ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ሽቅብ ይገነጥለው ነበር። ወራጁና ምሰሶው የሚያያዙት በምስማር ብቻ አይደለም። የአንዱ እንጨት ጫፍ ተሞርዶ በሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ይገባና በእንጨት ችካል ይጠበቃል፤ ንፋስ ሲመታው ትንሽ ይላወሳል እንጂ አይላቀቅም። የፊዚክስ መምህራን ስለ ግፊት ሲያስተምሩ ይህን ጣሪያ በካርቶን አሠርተው በተማሪዎቻቸው ፊት በማራገቢያ ቢፈትኑት መልካም ይመስለኛል።

ይህን መገጣጠሚያ የጠረበው ማን ነው? ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መጣን። የከተማዋ ግንበኞችና አናጢዎች አብዛኞቹ በባርነት የተያዙ አፍሪቃውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። ሙያ ያለውን ሰው ጌታው ለሌላ ያከራየዋል፤ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ይጠርባል፣ ደመወዙን ጌታው ይቀበላል። በእርሻዎቹ የንብረት መዝገብ ላይ አናጢው ከከብቶቹና ከበቅሎዎቹ ጋር ዋጋ ተተምኖለት ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የተጻፈለት አንድ ስም ብቻ ነው፤ የአባት ስም የለውም። በአንጻሩ የከበርቴው የጆን ታርፕ ቤት ዛሬም በስሙ ይጠራል። ታርፕ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ባለ እርሻ ነበር። የከተማዋ መሬት ባለቤቶች የነበሩት ባሬቶችም ከእንግሊዛዊቷ ባለቅኔ ከኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ ቤተሰብ ናቸው። የቤታቸው ፎቅ ፈርሶ የግንቡ ቅሪት ብቻ ቀርቶ ነበር።

በ1815 የተሠራው ፍርድ ቤት ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ በትላልቅ አምዶች ያጌጠ ሕንፃ ነው። ሕግ የሚነገርበት፣ ከበርቴዎቹም የሚጨፍሩበት ቦታ ነበር። በ1926 ተቃጥሎ በቀድሞው መልክ ታድሷል። የእርሻ መሣሪያዎች ይጠገኑበት የነበረው የ1810 ብረት ማቅለጫም እንደ ሾጣጣ ጎጆ ሆኖ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም።

እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ የባፕቲስቶች የጸሎት ቤት ነው። የጃማይካ ባፕቲስቶች መነሻ እንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን አይደሉም፤ ከባርነት ነጻ የወጣውና በ1783 ከአሜሪካ የመጣው ጥቁሩ ሰባኪ ጆርጅ ላይል ነው። ተከታዮቹ የኢትዮጵያ ባፕቲስቶች ይባሉ ነበር። አገራችንን አይተዋት አያውቁም፤ ስሟን ያገኙት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በፋልማውዝ ጉባኤውን ይመራ የነበረው ግን ዊሊያም ኒብ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በ1831 የገና ሰሞን በሳም ሻርፕ መሪነት በምዕራብ ጃማይካ ታላቅ ዐመፅ ተነሣ። ሻርፕ ራሱ ባፕቲስት ዲያቆን ነበር፤ በ1832 ተሰቀለ። ጥፋቱ የባፕቲስቶች ነው በማለት ሚሊሺያው የፋልማውዝን ጸሎት ቤት አፈረሰው። ኒብ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በየአዳራሹና በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ስለ ባርነት መሰከረ። ጸሎት ቤቱም እንደ ገና ተሠራ።

ሙሉ ነጻነት የታወጀው ነሐሴ 1 ቀን 1838 ነው። በዋዜማው ሌሊት ሕዝቡ በጸሎት ቤቱ ተሰበሰበ። ሰዓቱ ሲደርስ የእግር ሰንሰለት፣ ጅራፍና የአንገት ብረት በሬሳ ሣጥን ውስጥ ከተቱና እንደ ሞተ ሰው ቀበሩት። ሣጥኑን የሠሩት እጆች ምናልባት የጌቶቹን ጣሪያ የገጣጠሙት ናቸው። መንግሥት ለባርነቱ መቅረት ሃያ ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ መድቦ ነበር፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለጌቶቹ ነው። በ1944 አውሎ ነፋስ ጸሎት ቤቱን አፍርሶት በኋላ ተሠርቷል፤ የዚያ ሌሊት ቀብርም በዕብነ በረድ ላይ ተቀርጾ በውስጡ ተሰቅሏል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከዚህ ይጀምራል። ነጻ የወጣው ሕዝብ የቻለውን ያህል ከእርሻዎቹ ወጥቶ የራሱን መንደር መሠረተ። በ1846 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ የቅኝ ግዛቶቹ ስኳር በቀረጥ ያገኝ የነበረውን ብልጫ ደረጃ በደረጃ አስቀረበት። ቀጥሎ የእንፋሎት መርከቦች መጡ፤ ወደቡ ለእነርሱ ጥልቀት አልበቃቸውም። የባቡር ሐዲዱም በ1894 ሞንቴጎ ቤይ ሲደርስ ፋልማውዝን ሳይነካ አለፈ። ገንዘብ ሲጠፋ አፍርሶ የሚሠራም ጠፋ። ሀብታሞቹ ወደቦች አሮጌ ቤቶቻቸውን ለኮንክሪት ሲለውጡ ፋልማውዝ የዱሮውን ለብሳ ቀረች። በ1973 የወጣው «ፓፒዮን» የተባለው ፊልም አዘጋጆች ወደዚያ የሄዱትም የተለየ ከተማ መሥራት ሳያስፈልጋቸው ስላገኙት ይሆናል።

ድህነት ከመፍረስ ያድናል እንጂ ከመበስበስ አያድንም። በ1996 የጃማይካ መንግሥት የከተማዋን መሐል በብሔራዊ ቅርስነት ካወጀ በኋላ ወጣቶችን በአናጢነትና በኖራ ግንበኝነት እያሠለጠነ የሚጠግን ድርጅት ተቋቋመ። ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም መምህርና ተማሪ እየመጡ ቤቶቹን ለክተዋል። ኖራ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል። በጥገናው የታቀፉት የከበርቴዎቹ ቤቶች ብቻ አይደሉም። ከ1838 በኋላ ነጻ ሰዎች በአጫጭር እግሮች ላይ ያቆሙአቸው፣ ሁለት ሦስት ክፍል ያላቸው የጣውላ ቤቶችም አሉ። ጠጋ ብሎ ላያቸው አራት ወገን የሚያዘቀዝቅ ጣሪያቸውና ሰያፍ ጣውላቸው ያው ነው። አናጢው ለጌታው የሠራውን በትንሹ ለራሱ ሠርቶታል። ለእኔ የከተማዋ ዋና ሕንፃዎች እነዚህ ናቸው።

በ2011 ለግዙፍ የሽርሽር መርከቦች አዲስ ወደብ ተከፈተ። ከአንዱ መርከብ ብቻ ከአምስት ሺህ በላይ መንገደኞች ይወርዳሉ። በወደቡ ግቢ ውስጥ የዱሮውን ቤት የሚመስሉ አዳዲስ ሱቆች ተሠሩላቸው፤ እውነተኞቹ ከአጥሩ ማዶ ቆርቆሮአቸው ዝጎ፣ ባለቤታቸው ባሕር ማዶ ሄዶ ሲዘሙ። ይህን አሠራር አልወደድሁትም።

ጥቅምት 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ምዕራብ ጃማይካን መታ፤ ትሬሎኒ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዷ ናት። ዜናው በተሰማ ማግሥት ያቺ ዕጩ መምህርት ወደ ቢሮዬ መጥታ «ለጥገናው ተራ ሲያዝ የትኛው ቤት ይቀድማል፣ የታርፕ ወይስ የአናጢው?» አለችኝ። ለዕለቱ የያዝሁትን ትምህርት ትቼ ክፍሉ እንዲከራከርበት አደረግሁ።