ሆላንድ ላለ ባለቤታችሁ ለመሄድ የሚጠየቀው ፈተና፦ ከጎንደር ሆናችሁ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን ነገር አንዱ ይሄ ነው፦ «ባለቤቴ ሆላንድ ነው ያለው፤ ልሄድ ስል ፈተና አለብሽ ተባልኩ። ምን ዓይነት ፈተና ነው?» ዛሬ በቅደም ተከተል እናስረዳችሁ።

መጀመሪያ አለባችሁ ወይስ የለባችሁም የሚለውን አጣሩ። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2006 ጀምሮ በትዳር ወይም በፍቅር አጋርነት ወደ አገሯ የሚመጣ ሰው ቋንቋዋንና ኑሮዋን በጥቂቱም ቢሆን አውቆ እንዲመጣ ትጠይቃለች። ፈተናው ኢንበርኸሪንግ ይባላል። ለትምህርት ወይም ለሥራ የሚሄድ አይፈተንም። ባለቤታችሁ በጥገኝነት ወረቀት አግኝቶ በስደተኛ ቤተሰብ መስመር የሚወስዳችሁ ከሆነም ፈተናው አይመለከታችሁም። ግን በዚህ መስመር የሚያመለክት ሰው ወረቀቱን እንዳገኘ መዘግየት የለበትም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት «በየትኛው መስመር ነው የምታመለክተው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፦

1. መናገር (60 ዩሮ)፦ በማዳመጫ ጥያቄ ትሰማላችሁ፣ በማይክሮፎን ትመልሳላችሁ። የተጀመረ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ የሚልም አለ።
2. ማንበብ (50 ዩሮ)፦ አጫጭር ጽሑፎች አንብቦ መልስ መምረጥ።
3. የአገሩን ኑሮ ማወቅ (40 ዩሮ)፦ ከ100 ፎቶዎች የተውጣጡ 30 ጥያቄዎች። ፎቶዎቹና ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ይሰጣሉ።

ድምሩ 150 ዩሮ ነው። አንዱን ብትወድቁ ያንኑ ብቻ ከፍላችሁ ትደግማላችሁ። የሚፈለገው ደረጃ ኤ1፣ ማለትም ጀማሪ ነው። ስምን፣ ቤተሰብን፣ ሥራን፣ ገበያን መናገር ከቻላችሁ በቂ ነው።

ዝግጅቱስ? «ናር ኔደርላንድ» የተባለው መማሪያ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ፊልሙም መለማመጃ ፈተናውም እዚያው ይገኛል። ኮርስ የመማር ግዴታ የለም። በየቀኑ አንድ ሰዓት የተጠና፣ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ከተጠናው ይሻላል። ከባሕር ማዶ ካለው ሰው ጋር ስትደዋወሉ አሥር ደቂቃዋን በደች ብቻ አውሩ፤ ሰው የሚፈራው መናገሩን ነውና።

ለእኛ አንድ የሚያግዝ ነገር አለ። ደች ላይ «ዳቦ በላሁ» ለማለት «ኢክ ሄብ ብሮት ኸኼተን» ይባላል፤ «በላሁ» የሚለው ልክ እንደ አማርኛችን መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ኸ» የምትለዋ ድምፅም ለእኛ አዲስ አይደለችም፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ይቸገርባታል።

የኑሮውን ክፍል በጥሞና ስሙት። ሴትና ወንድ በሕግ እኩል መሆናቸው፣ ሚስትን መምታት ወንጀል መሆኑ፣ የሴት ልጅ ግርዛት መከልከሉ፣ የታመመ ሰው መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪም ጋ እንጂ ሆስፒታል አለመሄዱ፣ የአደጋ ጥሪ 112 መሆኑ ሁሉ ይነሣል። ለፈተና ብቻ አይደለም። በተለይ እህቶቻችን፣ ሰው በሌላችሁ አገር መብታችሁን አውቃችሁ መሄዳችሁ ነው።

አሁን ወደ እኛ አካባቢ ችግር እንምጣ። ፈተናው ጎንደር ላይ አይሰጥም፤ አዲስ አበባ ኤምባሲው ድረስ መሄድ ግድ ነው። የመኪናው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታም ታውቁታላችሁ። የምትችሉ በአውሮፕላን ሂዱ፤ የማትችሉ ቢያንስ ጥቂት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ሦስቱንም ክፍል በአንድ ጉዞ ለመጨረስ ሞክሩ። ያልተቃጠለ ፓስፖርት መያዝ አትርሱ። ክፍያው በዩሮ ስለሆነ ሆላንድ ያለው ሰው ቢከፍለው ይቀላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አትዘንጉ፤ ኔት ባገኛችሁ ቀን ሁሉንም አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ደባርቅና ዳባት ያላችሁ ደግሞ ፎቶዎቹን አሳትማችሁ ብትይዙ መብራት ሲጠፋም ታጠናላችሁ።

«እኛ እናሳልፋችኋለን» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ራቁት። ፓስፖርታችሁ ታይቶ ኮምፒውተር ፊት የምትቀመጡት ራሳችሁ ናችሁ፤ ማንም አይተካችሁም።

በሕመም ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት መፈተን ለማይችል ሰው መንገዱ ዝግ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ፈተናው ቤተሰብ እንዳይገናኝ ማድረጊያ መሆን የለበትም ሲል ወስኗል። ማስረጃ ይዞ ነፃ ልደረግ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ስታልፉ ውጤቱ የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመግቢያ ፈቃዱ ማመልከቻ መግባት አለበት። ሁለታችሁም 21 ዓመት የሞላችሁ፣ እዚያ ያለው ሰውም በቂ ገቢ ያለው መሆን ይጠበቅበታል። ስለዚህ የእሱ የሥራ ወረቀት ሳይሟላ ተጣድፎ መፈተን ውጤቱን ሊያቃጥልባችሁ ይችላል።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላም ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ሕግ በሦስት ዓመት ውስጥ እስከ ቢ1 ደረጃ መድረስ ይጠበቃል። አሁን የምታጠኑት የዚያ መሠረት ነው።

ይህን መረጃ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልን፤ ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን። መልካም ዝግጅት!