ዝግ ብሎ የሚሠራ ፓምፕ ለምን ያተርፋል?

በሰሜን አሜሪካ የሙቀት ወራት ሲቃረቡ ብዙ ቤተሰቦች በጓሯቸው ከመሬት በላይ የሚቆም የመዋኛ ገንዳ ይተክላሉ። ለዚህ ዓይነቱ ገንዳ ጉድጓድ አይቆፈርም፤ የብረት ወይም የፕላስቲክ ግድግዳ በክብ ይቆምና ውስጡ ውኃ በማያሳልፍ የፕላስቲክ ሽፋን ተለብጦ ውኃ ይሞላበታል። የውኃው ንጽሕና ግን በአንድ አነስተኛ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ነው። ይኸውም ውኃውን ከገንዳው እየሳበ በማጣሪያ ውስጥ ካሳለፈ በኋላ መልሶ ወደ ገንዳው የሚገፋው ፓምፕ ነው። ፓምፑ በየቀኑ ለሰዓታት ስለሚሠራ፣ በቤቱ ከሚገኙት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች መካከል ብዙ ኃይል ከሚፈጁት አንዱ ነው።

ገዢው ወደ መደብር ሲገባ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በፈረስ ጉልበት በተገለጸው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፓምፑ የተሻለ ይመስለዋል፤ ውኃውን ቶሎ አጣርቶ ቶሎ ያርፋልና። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአበው ብሂል ግን እዚህ ላይ ከፊዚክስ ሕግ ጋር ይገጥማል። በዚህ ጽሑፍ ችኮላ በኃይል ፍጆታ ረገድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በስሌት እያሳየን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዳ ፓምፕ እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን።

የፓምፑ ሥራ ምንድን ነው?

ለምሳሌ ያህል ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 7.3 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 1.2 ሜትር የሆነ ክብ ገንዳ እንውሰድ። በውስጡ የሚይዘው ውኃ 50 ሜትር ኩብ ወይም 50,000 ሊትር ገደማ ነው። በተለመደው አሠራር የገንዳው ውኃ መጠን በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልብ እንበል። ውኃው ከገንዳው ወጥቶ የሚመለሰው ወደዚያው ገንዳ ነው። ከፍ ወዳለ ሥፍራ አይወጣም። በመሆኑም ፓምፑ የሚታገለው ከመሬት ስበት ጋር ሳይሆን በቱቦው፣ በመታጠፊያዎቹና በማጣሪያው ውስጥ ከሚፈጠረው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ሰበቃው ደግሞ በውኃው ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ውኃው ሲጣደፍ ይበረታል፣ ሲረጋጋ ይለዝባል።

የኩብ ሕግ

በእነዚህ ገንዳዎች የምንጠቀምበት ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ውኃውን የሚገፋው በሚሽከረከር ክንፍ ነው። የሽክርክሪቱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ በሰዓት የሚያልፈው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል። የሚፈጠረው ግፊት ግን የፍጥነቱን ካሬ ስለሚከተል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ፓምፑ የሚፈልገው የኃይል መጠን የእነዚህ የሁለቱ ብዜት በመሆኑ የፍጥነቱን ኩብ ይከተላል። ግማሽ በአንድ አራተኛ ሲባዛ አንድ ስምንተኛ ይሆናልና፣ በግማሽ ፍጥነት የሚሽከረከር ፓምፕ የሚፈልገው ኃይል ከቀድሞው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው።

እርግጥ ውኃው በዝግታ ስለሚያልፍ ያንኑ ሥራ ለመጨረስ እጥፍ ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ስምንተኛ ኃይል በእጥፍ ሰዓት ሲባዛ ግን ጠቅላላው ፍጆታ አንድ አራተኛ ይሆናል። ያው ውኃ፣ በዚያው ማጣሪያ፣ በሩብ ፍጆታ ይጣራል ማለት ነው።

በተግባር ሲታይ ውጤቱ በዚህ ደረጃ የተሟላ አይደለም። በሞተሩና በመቆጣጠሪያው ውስጥ የሚባክነው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይቀንስም። ስለዚህ በሙሉ ፍጥነት 1,000 ዋት የሚወስድ ፓምፕ በግማሽ ፍጥነት 125 ዋት ብቻ ይወስዳል ብለን ከመጠበቅ፣ 200 ዋት ይወስዳል ብለን ብናሰላ ለእውነታው እንቀርባለን።

ስሌቱ በገንዘብ ሲመነዘር

ይኸው ፓምፕ በሙሉ ፍጥነት በሰዓት 12.5 ሜትር ኩብ ውኃ ያሳልፋል እንበል። የገንዳውን ውኃ በ4 ሰዓት ያዳርሳል፤ የዕለቱ ፍጆታም 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በግማሽ ፍጥነት ደግሞ 8 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ፍጆታው ግን 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ገንዳው በዓመት ለ120 ቀናት አገልግሎት ቢሰጥ፣ የመጀመሪያው 480፣ ሁለተኛው 192 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ብናደርገው ልዩነቱ በዓመት 43 ዶላር ገደማ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ሌላ ባለቤት እናስብ። ይህ ሰው ባለ አንድ ፍጥነቱን ፓምፕ ጠዋት አብርቶ ማታ ያጠፋል፤ በቀን 12 ሰዓት ያሠራዋል። ፍጆታው በዓመት 1,440 ኪሎዋት ሰዓት፣ ወጪውም 216 ዶላር ነው። የገንዳው ውኃ በቀን ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ አንድ ጊዜ ይበቃው ነበር። ይህ ሰው አዲስ ፓምፕ ሳይገዛ በርካሽ ዋጋ የሚገኝ የሰዓት መቆጣጠሪያ ገጥሞ ሥራውን በ4 ሰዓት ቢወስነው ብቻ 144 ዶላር ያተርፋል።

ከዚህ የምንማረው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የሚስተካከለው የሥራው ሰዓት ነው፤ ፓምፑን መለወጥ ቀጥሎ ይመጣል። ዝግ ብሎ የሚሠራው ፓምፕ ከሌላው በ200 ዶላር ቢበልጥ፣ በመጀመሪያው ምሳሌያችን ዋጋውን ለመመለስ አምስት ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ሙቀቱ ረዘም ባለበት ወይም የኤሌክትሪክ ዋጋ ከፍ ባለበት ክፍለ ሀገር ጊዜው ያጥራል። እያንዳንዱ ገዢ ስሌቱን በራሱ ቁጥር ሊሠራው ይገባል።

ሕጉ የማይሠራበት ቦታ

አንባቢያችን ይህን ካነበቡ በኋላ «እንግዲያውስ በቤታችን ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ውኃ የሚያወጣውን ፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ብንቀንሰው በሩብ ፍጆታ ይሞላልን ይሆን?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። መልሱ አይሆንም ነው። ወደ ጣሪያ የሚወጣው ውኃ ከፍታውን መውጣት ግድ ይለዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ሥራ በዝግታ ቢሄድም አይቀንስም። እንዲያውም ፍጥነቱ ሲቀንስ ግፊቱ በካሬ ስለሚወርድ፣ ውኃው መንገድ ላይ ቆሞ ፓምፑ በከንቱ ሊሽከረከር ይችላል። የኩብ ሕግ ፍሬውን አሟልቶ የሚሰጠው እንደ መዋኛ ገንዳ ውኃው ተዘዋውሮ ወደ ተነሣበት በሚመለስበት ሥርዓት ውስጥ ነው።

ስንመርጥ ምን እንይ?

አንደኛ፣ ፓምፑ ከማጣሪያው ጋር ይመጣጠን። ማጣሪያው ከሚችለው በላይ የሚገፋ ፓምፕ ቆሻሻውን አሳልፎ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ የፓምፑን ዓይነት እንለይ። መሬት ተቆፍሮ ለሚሠራ ገንዳ ፓምፑ ብዙ ጊዜ ከውኃው ወለል በላይ ስለሚቀመጥ ውኃውን ራሱ ስቦ ማንሣት አለበት። ከመሬት በላይ በሚቆም ገንዳ ግን ፓምፑ ከውኃው ወለል በታች ስለሚቀመጥ ውኃው በራሱ ክብደት ወርዶ ይሞላዋል። በመሆኑም ራሱ የመሳብ ችሎታ ያለውን ውድ ዓይነት መግዛት አስፈላጊ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የፍጥነቱን ምርጫ እንይ። ባለ ሁለት ፍጥነቱ ፓምፕ ዋጋው መካከለኛ ነው፤ ሆኖም በዝቅተኛው ፍጥነት የሞተሩ ብቃት ስለሚቀንስ ቁጠባው የተወሰነ ነው። ፍጥነቱ እንደ ፍላጎት የሚለወጠው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ማግኔት ባለው ሞተር ስለሚሠራ በዝግታም ጊዜ ብቃቱን ይጠብቃል።

አራተኛ፣ በመለያው ላይ ከፈረስ ጉልበት ይልቅ የብቃት መለኪያውን እንፈልግ። በአሜሪካ ይህ መለኪያ ፓምፑ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ሺህ ጋሎን ውኃ እንደሚያንቀሳቅስ ያመለክታል። አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለው ፓምፕ ለተመሳሳይ ሥራ የሚወስደው ኃይል አነስተኛ ነው።

አምስተኛ፣ ቱቦውን አንርሳ። የውኃው መጠን ሳይለወጥ የቱቦው የውስጥ ስፋት ከ32 ወደ 38 ሚሊሜትር ቢያድግ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

የዝግታም ልክ አለው። የአሸዋ ማጣሪያ በየጊዜው ውኃ በተቃራኒው አቅጣጫ ተለቆበት ሲታጠብ ብርቱ ፍሰት ይፈልጋል፤ ከጨው ክሎሪን የሚያመርት መሣሪያም ከተወሰነ ፍሰት በታች ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ፍጥነቱን የምንቀንሰው የውኃው ጥራት እስከማይጓደል ድረስ ብቻ ነው።

ሕጉ ለገዢው የተወው ምርጫ

የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ለመዋኛ ገንዳ ፓምፖች የብቃት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥቶ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። ደረጃው ተቆፍረው ለሚሠሩት ገንዳዎች የሚውሉትን ትልልቅ ፓምፖች በተግባር ወደ ተለዋዋጭ ፍጥነት እንዲሸጋገሩ አስገድዷቸዋል። ከመሬት በላይ ለሚቆሙት ገንዳዎች በሚያገለግሉት ላይ የጣለው ግዴታ ግን ቀለል ያለ ነው፤ ባለ አንድ ፍጥነቶቹ ከገበያ እንዲወጡ አላደረገም። ስለዚህ የትልቁን ገንዳ ባለቤት ሕጉ ሲመርጥለት፣ የትንሹ ገንዳ ባለቤት ብዙውን ጊዜ በኑሮው መካከለኛ የሆነው ሰው፣ ራሱ ማወቅና ራሱ መምረጥ ይጠበቅበታል።

በዚያው አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን ለማስደሰት እንዲህ ያለውን ገንዳ ሲተክሉ፣ በመደብሩ ውስጥ ከትልቁ ቁጥር ፊት ከመቆማቸው በፊት ሦስት ነገሮችን በወረቀት ላይ ቢያሰፍሩ ይጠቀማሉ። እነዚህም ገንዳቸው የሚይዘው የውኃ መጠን፣ ፓምፑ በቀን የሚሠራበት ሰዓትና የሚከፍሉት የኤሌክትሪክ ዋጋ ናቸው። የቀረው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።