ምኞት አይከለከልም፤ ሻጋታው ግን ያስከፍላል

“ቴሪየር” ትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። ዊልያም ስትራውድሊ የተባለ መሐንዲስ ለለንደን፣ ብራይተንና ደቡብ ጠረፍ ምድር ባቡር የነደፈው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1880 ባሉት ዓመታት የተሠራው 50 ብቻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ይህ ሽማግሌ ሎኮሞቲቭ ታዲያ በ2018 እና በ2019 የእንግሊዝ ነጋዴዎችን አፋጧል። ሬይልስ ኦቭ ሼፊልድ የተባለው መደብር ከዳፖል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ የቴሪየርን አዲስ ሞዴል ለገበያ ሊያቀርብ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ አንጋፋው ሆርንቢም የራሱን አዲስ ቴሪየር ይዞ ብቅ አለ። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ፣ መዳፍ ላይ ለሚያርፍ ዕቃ ሁለት ሻጋታ ወጣ። ገበያው ግን አንድ ነው።

የሞዴል ባቡር አፍቃሪዎች የተሻለ ቴሪየር እንዲሠራላቸው ሲጠይቁ ዓመታት አልፈዋል። ምኞቱ እውነት ነበር። ምኞቱ ስንት ሻጋታ ይሸከማል የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የዚህን ንግድ አትራፊና ከሳሪ ሲለይ የኖረውም ይኸው ጥያቄ ነው።

ድምፅና ኪስ

ለአገራችን አንባቢ ሞዴል ባቡር የልጅ መጫወቻ ሊመስል ይችላል። በብሪታንያ፣ በጀርመን፣ በአሜሪካና በጃፓን ግን ቁም ነገር አድርጎ የሚገዛው ጎልማሳው ነው። በብሪታንያ 76 ጊዜ፣ በሌላው አውሮፓ 87 ጊዜ ያነሰውን ሎኮሞቲቭ በቤቱ አንድ ክፍል በዘረጋው ሀዲድ ላይ ያስኬዳል። የሪቬቱን ብዛት ይቆጥራል፤ ቀለሙን ከድሮ ፎቶግራፍ ጋር ያስተያያል። የሚገርመው፣ እንግሊዞቹ ሎኮሞቲቩን 76 ጊዜ ቢያሳንሱም የሚያስኬዱት 87 ጊዜ ላነሰው በተሠራው የ16.5 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ ነው። በሒሳቡ መሠረት 18.83 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባ ነበር። ሪቬት የሚቆጥረው ደንበኛ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ይህን ስህተት ለአሥርት ዓመታት ተቀብሎት ይኖራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየቤቱ የተዘረጋውን ሀዲድና የተገዛውን ፉርጎ ሁሉ መጣል የሚፈልግ የለም።

በብሪታንያ እነዚህ ሰዎች “ወደፊት ይሠራልን” የሚሏቸውን ሞዴሎች በድምፅ የሚገልጹበት ዓመታዊ የምኞት ምርጫ ለበርካታ ዓመታት ተካሂዷል። መጽሔቶችም የአንባቢዎቻቸውን ምኞት ያትማሉ። በኤግዚቢሽን ላይ የኩባንያ ተወካይ ከተገኘ ደግሞ “የእኛን መቼ ነው የምትሠሩት?” ተብሎ መያዙ አይቀርም። አምራቹ የገበያ ጥናት በነፃ አገኘ ማለት ነው። ችግሩ ያለው ነፃ በመሆኑ ላይ ነው። ድምፅ ሰጪው ሠላሳ ሎኮሞቲቭ ቢመኝ ሠላሳ ሳንቲም አያወጣም። ሠላሳውም ቢሠሩለት ግን የሚገዛው ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ የአንዱ ዋጋ ዛሬ ከ150 ፓውንድ በላይ መሆኑ የተለመደ ነውና። በኢኮኖሚክስ “ፍላጎት” የሚባለው መሻት ብቻ አይደለም፤ ከመሻቱ ጋር ለመክፈል መቻልና መፍቀድ ነው። የምኞት ምርጫው የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አንድ ሎኮሞቲቭ በዝርዝሩ ላይ በየዓመቱ ከፍ ብሎ ቢታይ እንኳ ጥቂቶች ሙጭጭ ብለውበት ይሁን ብዙዎች ሊገዙት አስበው ቁጥሩ አይናገርም።

የሻጋታ ሒሳብ

የሞዴል ሎኮሞቲቭ ከባዱ ወጪ ፕላስቲኩም ሆነ ውስጡ ያለችው ትንሽ ሞተር አይደለችም። በኮምፒውተር የሚወጣው ንድፍና ከብረት የሚቀረጸው ሻጋታ ነው። አንድም ተሸጠ አሥር ሺህ ይህ ወጪ አይለወጥም። ለምሳሌ ያህል ንድፉና ሻጋታው 120,000 ፓውንድ ፈጀ እንበል። 3,000 ሎኮሞቲቭ ቢሸጥ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው የሻጋታ ድርሻ 40 ፓውንድ ነው። ተወዳዳሪ ያንኑ ሎኮሞቲቭ ይዞ መጥቶ ገበያውን እኩል ቢካፈለውና ሽያጩ ወደ 1,500 ቢወርድ ድርሻው 80 ፓውንድ ይሆናል። ያቺ የተጨመረች 40 ፓውንድ ከሁለት አንዱን ትበላለች፤ ወይ የደንበኛውን ኪስ ወይ የኩባንያውን ትርፍ። የቴሪየር ፍጥጫ አሳሳቢነቱ እዚህ ላይ ነው።

አምራች ሻጋታውን የሚያካክስበት ዋናው ዘዴ ቀለም መቀየር ነው። “ክላስ 66” የተባለውን የናፍጣ ሎኮሞቲቭ መመልከት ይበቃል። ከ1998 ጀምሮ ወደ ብሪታንያ ከገባው ከዚህ ሎኮሞቲቭ ኢደብልዩኤስ የተባለው የጭነት ኩባንያ ብቻውን 250 አዟል። ሌሎች ኩባንያዎችም ተከትለው ገዙት፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ቀለም ቀቡት። ለሞዴል ሠሪ ይህ ሲሳይ ነው፤ ከአንድ ሻጋታ ብዙ ዕቃ ይወጣል፤ ቀዩን የገዛው ሰው አረንጓዴውንም ሊገዛ ይመጣል።

የለንደን፣ ሚድላንድና ስኮቲሽ ምድር ባቡር “ጋራት” ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ1927 እስከ 1930 የተሠሩት 33 ብቻ ናቸው፤ የድንጋይ ከሰል ጎታች ስለነበሩም ጥቁር ለብሰው ኖረው ጥቁር ለብሰው ሞቱ። ይህን ግዙፍ ሎኮሞቲቭ የሚመኝ ብዙ ነበር። ሆኖም በፋብሪካ የተሠራ ሞዴሉ የወጣው በሊቨርፑል የተመሠረተው ሃተንስ የተባለ መደብር የዴንማርኩን ሄልያን አዝዞ፣ ብቻውን ሊሸጠው ኃላፊነቱን በወሰደ ጊዜ ነው። ቸርቻሪው ራሱ አሳታሚ ሆነ እንደ ማለት ነው።

ሌላው ስሌት ዕድሜ ነው። ሰው አጥብቆ የሚመኘው በልጅነቱ ከጣቢያ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየውን ሎኮሞቲቭ ነው። በብሪታንያ የመንግሥት ባቡሮች የእንፋሎት ዘመን የተዘጋው በነሐሴ 1968 ነው። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጊዜና የጡረታ ገንዘብ ስላለው ዛሬ ጥሩ ገዥ ነው፤ የዛሬ 15 ዓመት ግን አይሆንም። አምራቾቹ ወደ 1980ዎቹና 1990ዎቹ የናፍጣና የኤሌክትሪክ ባቡሮች ዓይናቸውን መጣላቸው የሚያስገርም አይደለም። የእንፋሎቱ ወዳጅ “እኛን ረሱን” ሲል መሰማቱም እንዲሁ።

ሻጋታው የማን ነው?

ነጋዴ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ሌላ ታሪክ አለ። ፓሊቶይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ1976 ጀምሮ “ሜይንላይን” በሚል ስም የሚሸጣቸውን ሞዴሎች የሚያሠራው በሆንግ ኮንጉ ኬደር ነበር። ፓሊቶይ በ1980ዎቹ ከንግዱ ሲወጣ የሎኮሞቲቮቹ ሻጋታ ከኬደር እጅ አልወጣም። ኬደር ባክማን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ገዛ፤ ከዚያም በእነዚያው ሻጋታዎች በባክማን ስም ወደ ብሪታንያ ገበያ ገብቶ ሆርንቢን ተቀናቀነ። ትናንት በኮንትራት ሠሪ የነበረው ዛሬ ባለ ሱቅ ሆነ።

ሆርንቢም በተራው በ1990ዎቹ ምርቱን ከእንግሊዝ ወደ ቻይና አዛወረ። ዋና አምራቹ ሳንዳ ካን የተባለ ድርጅት ነበር። በ2000ዎቹ መጨረሻ ሳንዳ ካንን ማን ገዛው? ያው ኬደር፣ የተቀናቃኙ የባክማን ባለቤት። ቀጥለው በመጡት ዓመታት ሆርንቢ ዕቃ እየዘገየበት፣ ሌላ ፋብሪካ ሲፈልግ ተንገላታ። በካታሎግ ላይ የተመኘውን ያየ ደንበኛም ሱቅ ውስጥ እስኪያየው ረዥም ጊዜ ጠበቀ።

ቀብድ

እንግዲህ ምኞትን ወደ ገንዘብ የሚለውጠው ምንድን ነው? መርካቶ ውስጥ ለማንም የማይጠፋው መልስ፣ ቀብድ ነው። ዛሬ በብሪታንያ አዲስ ሎኮሞቲቭ ገና በንድፍ ላይ ሳለ ትዕዛዝ ይሰበሰባል፤ አንዳንዱ አምራች ቅድሚያ ክፍያ ይቀበላል። በሞዴሊስቶች የተቋቋመውን የአየርላንዱን አኩራስኬል የመሳሰሉ አዳዲስ ኩባንያዎች ከደንበኛው በቀጥታ ትዕዛዝ መቀበልን አስፋፍተዋል። በቶሎ ማስታወቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ ተቀናቃኝ እንዳይገባ ቦታ ማጠር ነው። አጥሩ ግን ሁልጊዜ አይከበርም። በ2014 “ኪንግ” በተባለው የታላቁ ምዕራብ ምድር ባቡር ሎኮሞቲቭ ላይ ሃተንስና ሆርንቢ እንደዚሁ ተጋጭተው ነበር።

ቀብድ የአምራቹን ሥጋት ይቀንሳል፤ ሥጋቱ ግን አይጠፋም፣ ወደ ገዥው ይሻገራል። በ2019 አንድ አነስተኛ የብሪታንያ ድርጅት ሲዘጋ ላልተሠሩ ሞዴሎች አስቀድመው ያዋጡ ደንበኞች ከአበዳሪዎች ጋር ወረፋ ተሰልፈዋል። ገዥ ሆነው ገብተው ሳያስቡት ባለ ዕዳ ጠባቂ ሆኑ። ትርፍ ቢገኝ የሚካፈሉት ድርሻ አልነበራቸውም፤ ኪሳራው ሲመጣ ግን ተካፋይ ናቸው። አክሲዮን ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነት ውል አይፈርምም፤ ፍቅር ያለበት ሰው ግን ይፈርማል።

ከዚህ ይልቅ አስተማማኝ የሆነው ከበስተጀርባ ተቋም ያለው ምኞት ነው። በ1955 አንድ ብቻ የተሠራውን የ“ዴልቲክ” ሙከራ ሎኮሞቲቭ ባክማን በሞዴል ያወጣው የብሪታንያ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ስላዘዘው ነው። ጋራትን ያሠራው ሃተንስ ግን ከ78 ዓመት ንግድ በኋላ በጥር 2024 መዘጋቱን አስታውቋል። የራሱን ሞዴሎች ያወጣባቸው ሻጋታዎች ወደ ሌሎች አምራቾች ተሸጋግረዋል፤ በየዓመቱ አዲስ ቀለም እየተቀባ ከሚወጣው ዕቃ ውስጥ የእነርሱም ይኖርበታል።

የለገሃርን ሎኮሞቲቭ የሚመኝ ኢትዮጵያዊ ቢኖርስ? የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሀዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። 87 ጊዜ ሲያንስ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በገበያ ያለው የቅርብ መጠን 12 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን የሚሠራው የጀርመኑ ቤሞ በዋናነት የሚያመርተው የስዊስ ተራራ ባቡሮችን ነው። ስለዚህ መንገዱ ከቤሞ አንድ ሎኮሞቲቭ ገዝቶ አካሉን ማውለቅ፣ የለገሃሩን አካል ከፎቶግራፍና ከፋብሪካ ንድፍ ላይ በኮምፒውተር መሣል፣ ከዚያም ለሦስት አውታር ማተሚያ መስጠት ነው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሻጋታ አያስፈልግም።