ግብርና በክፍል ውስጥ አለ፤ በፈተናው ግን የለም

ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። ከላስታ ገጠር ቀበሌዎች ገብስ፣ ባቄላ፣ ማርና በግ ይዘው ወደ ከተማዋ ከሚወጡ አርሶ አደሮች ጋር ሌላም ጭነት አብሮ ይመጣል፤ ቤት ተከራይተው ለሚማሩ ልጆች የተሰናዳ ስንቅ። ዱቄቱ፣ ሽሮውና ድርቆሹ ከአህያ ጀርባ ወርዶ ወደ ኪራይ ቤት ይገባል። ወላጅ ከማሳው ላይ ቀንሶ፣ የልጁንም ጉልበት ከእርሻው አጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምረው አንድ ቀን “ወረቀት” እንዲይዝለት ነው። የትኛው ትምህርት ወደ የትኛው ወረቀት እንደሚያደርስ ግን ለብዙ ወላጅ ግልጽ አይደለም። መንገዱም ባለፉት ዓመታት ተቀይሯል።

የተዘጋው በር

በ1986 ዓ.ም በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተማሪው መንገድ የሚለየው 10ኛ ክፍል ላይ ነበር። ብሔራዊ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፈ ወደ መሰናዶ ሲገባ፣ ሌላው ወደ ቴክኒክና ሙያ ያቀና ነበር። ዛሬ በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ ከሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ብዙዎቹ ያለፉት በዚሁ በር ነው። 10ኛን ጨርሰው በግብርና ኮሌጅ 3 ዓመት ሠልጥነው፣ ዲፕሎማ ይዘው ወደ አርሶ አደሩ ወጡ።

ያ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም ነው። በአዲሱ አደረጃጀት አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሆኗል። በመሆኑም በሁለተኛ ደረጃ የተማሪውን ዕጣ የሚወስነው አገር አቀፍ ፈተና አንድ ብቻ ነው፤ የ12ኛ ክፍል።

የተማሩት ሁሉ አይጠየቅም

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት ለገጠሩ ልጅ አንድ መልካም ነገር ይዞ መጥቷል። በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ግብርና ራሱን ችሎ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል። መጽሐፉ የሰብል ልማትን፣ የእንስሳት እርባታንና መኖን፣ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን፣ የእርሻ መሣሪያዎችንና ሥርዓተ ምግብን ይዳስሳል። ተዳፋት በበዛበት፣ መሬቱ በተሸረሸረበትና የሴፍቲኔት ተጠቃሚው በርካታ በሆነበት በላስታ እነዚህ ርዕሶች የዕለት ኑሮ ናቸው።

ችግሩ ያለው ከክፍል ወደ ፈተና ሲታለፍ ነው። በ2016 ዓ.ም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የተፈተኑት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አጠቃላይ የችሎታ መመዘኛ ነበር። ስድስቱ ተደምረው 600 ይሞላሉ። ግብርና በመካከላቸው የለም። ጊዜው ሲያጥር ተማሪም መምህርም ነጥብ ወደሚያስገኘው ትምህርት ማዘንበላቸው አይቀርም። ያኔ የአርሶ አደሩ ልጅ ቤተሰቡን ቶሎ ሊጠቅም የሚችለውን ደብተር መጀመሪያ ያጥፋል።

ፈተናው ራሱ የሚያሳልፈው ጥቂቱን ነው። በ2014 ዓ.ም ትምህርት ዘመን ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ሆነዋል። ቁጥሩ መሻሻል ቢያሳይም፣ በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው ከማለፊያው በታች ቀርቷል። በጦርነትና በግጭት ትምህርት ሲቆራረጥባቸው ለከረሙ አካባቢዎች ተማሪዎች ፈተናው የበለጠ ይከብዳል።

ሌላኛው ወረቀት

ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ሁሉ ግን እጁ ባዶ ነው ማለት አይደለም። የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት፣ ብዙዎች “ሪሚዲያል” በሚሉት፣ እንደገና ወደ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ያገኛሉ። ሌላው መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በየዓመቱ ከሚወጣው መቁረጫ ነጥብ ጋር ታይቶ ሠልጣኙ በየደረጃው ይመደባል። ለግብርና የሚሠለጥን በክልሉ የወረታና የኮምቦልቻ ግብርና ኮሌጆች አሉ። ዩኒቨርሲቲ ለሚገባውም የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳ ግቢ በዚያው በሰሜን ወሎ ይገኛል።

በሙያ ሥልጠና ሠልጣኙ በደረጃው የሚጠበቀውን ሥራ መሥራት መቻሉ በብቃት ምዘና ይረጋገጣል። መግረዝ፣ ማዳቀል፣ ቀፎ መፈተሽ፣ እርከን መቀየስ የሚችል እጅ እዚህ ዋጋ አለው። ስለዚህ 11ኛና 12ኛ ላይ ግብርናን በተግባር የተማረ ልጅ ወደዚህ ሥልጠና የሚገባው ተዘጋጅቶ ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን ብቻ ያነበበው ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አስተዳደሩም በሁለት እጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ በትምህርት ሚኒስቴር፣ ቴክኒክና ሙያ ደግሞ በ2014 ዓ.ም በተቋቋመው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ናቸው። በወረዳ ደረጃም የትምህርት፣ የግብርናና የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች በየፊናቸው ያቅዳሉ። ተማሪው የሚወድቀው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው።

በእጅ ያለው

ክፍተቱን ለመሙላት የሚያስፈልገው ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲኖር ታስቦ ተሠርቷል፤ ማዕከሉ ሠርቶ ማሳያ መሬት ካለው የ11ኛ ክፍል ተማሪም ሊማርበት ይችላል። በሰሜን ወሎ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ወደ አርሶ አደሩ የሚወርድ ዝርያ በትምህርት ቤት ግቢም ቢዘራ ማሳያው ይሰፋል። ከልቅ ግጦሽ በተከለለ ተራራ ላይ ቀፎ መስቀል ደግሞ መሬት ለሌለው ወጣት የሚመች ሥራ ነው። ንጉሡ ሲወለድ ንብ ከበበው እየተባለ በሚነገርበት፣ የከተማዋ ስም ራሱ ከማር ጋር በሚያያዝበት አገር ንብ ማነብ ለተማሪ ባዕድ አይሆንም።

ከወረዳው የሚጠበቀው ለትምህርት ቤቱ የተግባር መሬት መስጠት፣ የልማት ሠራተኛውን ከግብርና መምህሩ ጋር ማገናኘትና ተማሪው ከ12ኛ ክፍል በፊት የሥልጠና አማራጮቹን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ወላጅም ልጁን “ስንተኛ ወጣህ?” ብቻ ሳይሆን “ዩኒቨርሲቲ ባይመጣልህስ ወዴት ነህ?” ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ጥያቄው የሚቀርበው 12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ በኋላ ሳይሆን፣ ዘርፍ በሚመረጥበት በ11ኛ ክፍል መግቢያ ነው።

ገበያው ሲበተን አህዮቹ ባዶ ጀርባቸውን ወደ ቀበሌያቸው ይመለሳሉ። ስንቁን የተቀበለው ተማሪ በኪራይ ቤቱ ለፈተናው ያነባል። ፈተናውን ካለፈ እሰየው። ካላለፈም የአባቱን ማሳ ከአባቱ በተሻለ የሚያርስበት ዕውቀት በእጁ ላይ ባለው መጽሐፍ ውስጥ አለ። መጽሐፉን ከማሳው ጋር ማገናኘት ግን የተማሪው ብቻ ሥራ አይደለም።